በጆሮ የሚጠበስ ዶሮ

የ1992 ዓ.ም. ሆሳዕና የዋለው ሚያዝያ 15 ቀን ነበር። በዚያው እሑድ፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 23 ቀን 2000፣ የቨርጂኒያ አብያተ ክርስቲያናት ትንሣኤን ያከብሩ ነበር። አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ማድ ቤት፣ ከቅዳሴ የተመለሰች የደብረ ብርሃን ልጅ የዘንባባ ቀለበቷን ከጣቷ አውልቃ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ከብረት መጥበሻው ፊት ቆመች። ጾም ላይ ነች። መጥበሻው ውስጥ የሚንጫጫው ዶሮ የእሷ ፋሲካ አልነበረም፤ ከኋላዋ ወንበር ላይ የተቀመጡት የ79 ዓመት አዛውንት ፋሲካ ነበር።

ቀምሳ ማወቅ አትችልም። ቀለሙን ለማየት አንገቷን ስታሰግግ አዛውንቷ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ምን ታዪዋለሽ ልጄ፣ ስሚው እንጂ» አሏት።

ልጅቷ እጇ ላይ መቆንጠጫውን እንደያዘች ቀረች። ይህን ቃል ታውቀዋለች። ደብረ ብርሃን፣ እናቷ ማድ ቤት፣ ከከሰል ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ስታቁላላ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ቋንቋው ብቻ ነው የተለየው።

ወደ አሜሪካ የመጣችው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ዲቪ ደርሷት ነው። እንደ ብዙዎቹ የአገሯ ልጆች ማረፊያዋ ሰሜን ቨርጂኒያ ሆነ። እንጀራ የሚጋገርበት፣ በርበሬ በኪሎ የሚሸጥበት፣ በአማርኛ ተነጋግሮ መዋል የሚቻልበት አካባቢ ነው። ሥራ ያገኘችው ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት በመንከባከብ ነበር። በአገሬው ልማድ ስማቸውን «ሚስ» ብላ ትጠራለች፤ በልቧ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «እማማ» ሆነውላታል። የተወለዱት ከአሌክሳንድሪያ ደቡብ ምዕራብ፣ ኦሬንጅ ካውንቲ በሚባለው የገጠር ወረዳ ነው። ጉልበታቸው ከምድጃ ፊት መቆም ቢከለክላቸውም ጆሯቸውና ምላሳቸው ሙሉ ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን ዶሮ ግን አልተሳካም።

ዶሮ ጠብሺልኝ ሲሏት ልጅቷ በደንብ የምታውቀውን ሥራ ሠራች። ዶሮውን በሎሚና በጨው አሸችው፤ ደጋግማ አጠበችው፤ ቆዳውን ከአንገቱ ጀምራ ሙልጭ አድርጋ ገፈፈችው፤ ከዚያ ቢላዋዋን ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ እያስኬደች 12 ብልት አወጣች። አዛውንቷ ሳህኑን ሲያዩ መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥለው፣ «ቆዳው የት ሄደ?» አሉ። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነበር። ለዶሮ ወጥ የማይፈለገው ቆዳ ለዶሮ ጥብስ የሁሉ ነገር መሠረት ነው። ዱቄቱ የሚይዘው እሱን ነው፤ ስቡ ቀልጦ ሥጋውን የሚያርሰው ከእሱ ነው፤ ጥርስ ላይ ኩርሽም የሚለውም እሱው ነው። ልጅቷ በኀፍረት አንገቷን ደፋች።

አዛውንቷ ግን ብልቶቹን አንድ በአንድ አንስተው ያዩ ጀመር። አንድም የተሰበረ አጥንት የለም። አሜሪካዊ ሉካንዳ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮን ስምንት ቦታ ነው የሚከፍለው። ሁለት ደረት፣ ሁለት ክንፍ፣ ሁለት ታፋ፣ ሁለት እግር። ደረቱ ግን ወፍራም ስለሆነ መሐሉ እስኪበስል ዳሩ ይደርቃል። ልጅቷ ያወጣችው ብልት አነስ አነስ ያለና የተመጣጠነ ነበር። «ይህን ማን አስተማረሽ?» ሲሏት፣ «እናቴ» አለች። በአገሯ የሴት ልጅ ሙያ ዶሮ በመበለት እንደሚለካ፣ ፈረሰኛው ለአባወራ እንደሚወጣ፣ ብልቱ ከጎደለ እንግዳ ፊት እንደሚታፈር አጫወተቻቸው። «እንግዲያው ግማሹን ታውቂዋለሽ» አሏት።

የቀረውን ግማሽ ያስተማሯት ማታ ነው። ለነገ የሚበላ ዶሮ ዛሬ ማታ ይጀመራል። በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ይሟሟል፤ የተበለተው ዶሮ እዚያ ውስጥ ይዘፈዘፍና ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ልጅቷ ያን ሁሉ ጨው አይታ ተጨነቀች፤ ጠዋት ግን ሥጋው ቆጥቆጥ አላለም፤ ሞላ ብሎ፣ ለስልሶ ጠበቃት። ጨው ወደ ሥጋው ሲገባ በጡንቻው ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች ያላላቸዋል፤ የላላ ፕሮቲን እሳት ሲነካው እንደ ወትሮው አጥብቆ አይጨመቅም፤ ስለዚህ ውሃውን ጨምቆ አያወጣም። ወዙ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። መጥበሻ ላይ ከወጣ በኋላ ላዩ ላይ የሚነሰነስ ጨው ይህን አይሠራም፤ ጊዜ የለውማ።

ሎሚውንም አልከለከሏትም፤ ቧንቧ ከፍቶ ማጠቡን ግን ተዪው አሏት። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ጥሬ ዶሮ ቧንቧ ሥር ሲታጠብ ፍንጣሪው ጀርሙን ማድ ቤቱ ውስጥ ይበትነዋል፤ የሚገድለው እሳት ብቻ ነው። ጨው ውሃው ውስጥ ሲያድር ደሙም ሽታውም ይወጣል። እጅንና መክተፊያን በሳሙና ማጠብ ግን ግዴታ ነው።

ከጨው ውሃው በኋላ ሁለተኛ መዘፍዘፊያ አለ። አዛውንቷ ከፍሪጅ አንድ ካርቶን አውጥተው «ባተርሚልክ» አሏት። ቃሉን አታውቀውም። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው፤ በጾሟ ምክንያት አልቀመሰችውም፤ መቅመስም አላስፈለጋት። አሬራ ነው! ቅቤው ወጥቶለት የሚቀረው፣ አያቷ ቤት ቅል በተናጠ ቁጥር ልጆች የሚሻሙበት፣ ያው ኮምጠጥ ያለ አሬራ። የሱፐርማርኬቱ በፋብሪካ እርሾ ተጨምሮበት የተዘጋጀ ቢሆንም ጠረኑ ያው ነበር። አሬራው ለስላሳ አሲድ ስላለው ሥጋውን ሳያፈርስ ያለሰልሳል፤ ወፈር ስለሚልም ዱቄቱን አጥብቆ ይይዛል። አሬራ ባይገኝ እርጎ በውሃ ቀጠን ተደርጎ ይተካዋል።

ይህ ማታ የሚጀመር አሠራር የእሳቸው ብቻ አልነበረም። የዚያው የኦሬንጅ ካውንቲ ልጅ የሆነችው ታዋቂዋ የምግብ ባለሙያ ኤድና ሉዊስም በመጨረሻው መጽሐፏ የጻፈችው እንዲህ ነው። ዶሮው አንድ ሌሊት በጨው ውሃ፣ አንድ ሌሊት ደግሞ በባተርሚልክ ያድራል። ያ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003፣ ከስኮት ፒኮክ ጋር በመሆን ነው። ዶሮው የሚጠበስበትም በቅቤና በካም ቁራጭ መዓዛ በተሰጠው የአሳማ ስብ ነው።

ኤድና ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1916 የተወለደችባት መንደር ፍሪታውን ትባላለች። ስሟ እንደሚናገረው፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች የመሠረቷት ናት፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የራሷ አያት ነበሩ። በ16 ዓመቷ ከመንደሯ ወጥታ ኒው ዮርክ ደረሰች። ልብስ እየሰፋች ኖረች፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ማንሃተን ውስጥ በተከፈተው ካፌ ኒኮልሰን ወጥ ቤቱን ይዛ ዝነኛ ሆነች። በ1976 ባሳተመችው «ዘ ቴስት ኦቭ ካንትሪ ኩኪንግ» የፍሪታውንን ዓመት ከወቅት ወቅት፣ ከማዕድ ማዕድ እያለች ተርካለች። ኬክ ስትጋግር መድረሱን የምታውቀው ጆሮዋን አስጠግታ ነበር። ያልደረሰ ኬክ ውስጡ ፍክፍክ ይላል፤ የደረሰ ይረጋል። በ2006 ስታርፍ 89 ዓመቷ ነበር፤ በ2014 የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ምስሏን በቴምብር ላይ አትሞታል።

በ«ዘ ቴስት ኦቭ ካንትሪ ኩኪንግ» ውስጥ ዛሬ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። በፍሪታውን የዶሮ ጥብስ የዘወትር ምግብ አልነበረም። ከጸደይ መጨረሻ እስከ በጋ መጀመሪያ፣ የዓመቱ ጫጩቶች አድገው ሥጋቸው ገና ሳይጠነክር ብቻ የሚበላ ነበር። ቄብና ወጠጤ አውራ ለመጥበሻ፣ ያረጀችው ዶሮ ለሾርባ። ዶሮ ብርቅ በሆነበት ቤት አንዷን ማድረቅ ማለት የወራትን ድካም ማበላሸት ነው። ደብረ ብርሃን ላይም ዶሮ ለበዓል፣ ለእንግዳና ለአራስ እንጂ ለማክሰኞ ምሳ አይታረድም ነበር። ሁለቱ ሴቶች የተግባቡት እዚህ ላይ ነው። አንዷ ጠንካራውን የሐበሻ ዶሮ በሽንኩርትና በበርበሬ ለሰዓታት የሚያለሰልስ እጅ ወርሳለች፤ ሌላዋ ለጋውን ዶሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወዙን ሳያጣ የሚያወጣ ጆሮ።

የቨርጂኒያ ዶሮ ጥብስ ታሪክ ከሁለቱም በፊት ይጀምራል። ሜሪ ራንዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመችው «ዘ ቨርጂኒያ ሃውስዋይፍ» ውስጥ አሠራሩ አለ። ዶሮውን መበለት፣ ዱቄት ማልበስ፣ ጨው መነስነስ፣ በጋለ የአሳማ ስብ ወርቃማ እስኪሆን መጥበስ። መጽሐፉ ላይ ስሟ የታተመው የእመቤቲቱ ነው፤ በዚያ ዘመን በቨርጂኒያ ባለጠጎች ማድ ቤት ከእሳቱ ፊት የቆሙት ግን በባርነት የተያዙ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ከብትና ፈረስ እንዳይኖራቸው በተከለከሉባቸው ብዙ ቦታዎችም ዶሮ ማርባት አልተከለከሉም፤ ዶሮና እንቁላል ሸጠው ጥቂት ሳንቲም የሚያገኙበት መንገድ ነበር።

ነፃነት ሲመጣ ያ ዶሮ ቤት ሠራ። ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ ጎርደንስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ባቡር እ.ኤ.አ. በ1840 ደረሰላት፤ በ1854 ከአሌክሳንድሪያ የሚመጣው ሐዲድ ተጨመረና መጋጠሚያ ሆነች። ባቡሮቹ በዚያን ጊዜ ምግብ ቤት አልነበራቸውም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የከተማዋ ጥቁር ሴቶች ትኩስ የዶሮ ጥብስ፣ ዳቦና ቡና በትሪ ደርድረው፣ ትሪውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው፣ ባቡሩ ሲቆም በየመስኮቱ ለመንገደኛው ያቀብሉ ነበር። «ዌይተር ካሪየርስ» ይባሉ ነበር፤ ትሪ ተሸካሚዎች እንደማለት ነው። ከእነሱ የአንዷ ልጅ የነበሩት ቤላ ዊንስተን፣ እናታቸው ቤታቸውን የገዙት በዶሮ እግር መሆኑን በእርጅናቸው ተናግረዋል። ተመራማሪዋ ሳይኪ ዊሊያምስ ፎርሰን በ2006 ስለ ጥቁር ሴቶችና ስለ ዶሮ የጻፈችውን መጽሐፍ ርእስ የወሰደችው ከዚሁ ንግግር ነው።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ላይ የመጣው ደብረ ሲና ነው። የደሴ አውቶቡስ ሲቆም ሴቶቹና ልጆቹ በየመስኮቱ ተሯሩጠው የሚያቀብሉት ቆሎ፣ ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ከመንገደኛው እጅ ሳንቲም ለመቀበል የሚሮጡት ሩጫ። እዚያ ቆሎ፣ እዚህ የዶሮ እግር።

ስንቅ የሚለውን ቃል ለአዛውንቷ ለመተርጎም ግን ብዙ አልደከመችም፤ ነገሩን እሳቸው ከእሷ የበለጠ ያውቁታል። በዘር መድልዎ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁር መንገደኛ በየምግብ ቤቱ ገብቶ መብላት አይችልም ነበር። ስለዚህ ከቤት ሲወጣ የባዶ ጫማ ካርቶን በወረቀት ይነጠፍና የዶሮ ጥብስ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦና ቁራጭ ኬክ ይታጨቅበታል። ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባለ የኒው ዮርክ ፖስተኛ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ያሳትመው የነበረው «ግሪን ቡክ» ጥቁሮች ያለስጋት የሚያርፉባቸውንና የሚበሉባቸውን ቦታዎች ይዘረዝር ነበር፤ ዝርዝሩ ባልደረሰበት መንገድ ላይ የሚያዛልቀው ካርቶኑ ነው። በሕዝብ መስተንግዶ ቦታዎች መድልዎን የከለከለው የሲቪል መብቶች ሕግ የወጣው በ1964 ነው። አዛውንቷ ያን ጊዜ ከአርባ ዓመት አልፈዋል። ልጆቻቸውን ይዘው በባቡርም በመኪናም ሲሄዱ ያ ካርቶን ጭናቸው ላይ ነበር።

«ቀዝቅዞ የማይጣፍጥ ዶሮ አልተጠበሰም ማለት ነው» ይሉ ነበር። ይህ ምክር ትልቅ ቁም ነገር አለው። ትኩስ ዶሮ ጉድለቱን በትኩሳቱ ይሸፍናል። ከስድስት ሰዓት መንገድ በኋላ የሚበላው ግን ጨዉ እስከ አጥንት ካልገባ፣ ወዙ ካልቀረ፣ ዘይቱ ካልተንጠፈጠፈ ማንም አይጨርሰውም።

ስለ ጥብሱ እንግዲህ።

ከአሬራው የወጣው ዶሮ ፈሳሹ ይንጠባጠብና ፉርኖ ዱቄት ላይ ይንከባለላል። ለአንድ ኩባያ ፉርኖ ዱቄት ሩብ ኩባያ የበቆሎ ስታርች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ይበቃል። የስንዴ ዱቄት ብቻውን ሲሆን ቅርፊቱ እንደ ዳቦ ይጠነክራል፤ ስታርቹ ያሳሳዋል። ዱቄት የለበሰው ዶሮ ወዲያው ዘይት ውስጥ አይገባም። የሽቦ መደርደሪያ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ደረቁ ዱቄት ከአሬራው ርጥበት ጠጥቶ ሙጫ መሰል ይሆናል፤ በኋላ አይረግፍም። ልጅቷ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቸኩላ ስትጨምረው ቅርፊቱ እየተላጠ ዘይቱ ግርጌ ይቀር ነበር።

መጥበሻው ከባድ ብረት ነው። ከባድ ብረት ሙቀት ያጠራቅማል፤ ቀዝቃዛ ዶሮ ሲገባበት ቶሎ አይበርድም። ዘይቱ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ዶሮው ቆዳው ወደ ታች ሆኖ ይገባል፤ ዘይቱ እስከ ወገቡ ነው የሚደርሰው። ቁራጮቹ መነካካት የለባቸውም፤ መጥበሻ ከተጨናነቀ ዘይቱ ይበርድና ዶሮው ይቀቀላል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ወደ 160 ገደማ ይወርዳል፤ እሳቱ እዚያው አካባቢ እንዲይዘው ይደረጋል። በአንድ በኩል ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ፣ በሌላው በኩልም እንደዚያው። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ከአጥንቱ ራቅ አድርጎ ወፍራሙን ቦታ ይወጋል፤ ከ74 ዲግሪ በታች ከሆነ አልበሰለም።

አዛውንቷ ቴርሞሜትር አልነበራቸውም። የነበራቸው ድምፅ ነው።

ዶሮው ዘይቱን ሲነካ የሚሰማው ጫጫታ የዘይቱ አይደለም፤ የውሃው ነው። በቆዳውና በዱቄቱ ውስጥ ያለው ርጥበት በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ አረፋ እየሆነ ይወጣል፤ ዘይት ሲሰነጥቅ ይጮኻል። እንፋሎቱ ወደ ውጭ እየገፋ እስከወጣ ድረስ ዘይቱ ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። መጀመሪያ ላይ ድምፁ እንደ ክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ነው፤ ወፍራም፣ ያልተቆራረጠ። ቆይቶ ይቀጥናል፤ አንድ አንድ እያለ የሚለይ ጠብታ ይሆናል። ዝናቡ ካፊያ ሲሆን ቅርፊቱ ደርቋል፤ መገልበጥ ነው። ጨርሶ ዝም ካለ ግን አልፏል፤ የሚወጣ ውሃ የለም፤ ሥጋውም ደርቋል፤ የሚገፋው በሌለበት ዘይቱ ይገባል። ድምፁ በድንገት ከደከመ ደግሞ እሳቱ በርዷል። ከወጣ በኋላም ሳህን ላይ አይጣልም፤ ከሥሩ የሚታፈነው እንፋሎት ቅርፊቱን ያረጥበዋልና ሽቦ ላይ ይደረደራል።

የኬኤፍሲ መሥራች ሃርላንድ ሳንደርስ ሊያሸንፈው የፈለገው ዶሮ ለመጥበስ የሚፈጀውን ግማሽ ሰዓት ነበር። በኬንታኪ፣ ኮርቢን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ነዳጅ ማደያ አጠገብ መንገደኛ ያበላ ነበር፤ መንገደኛ ግን ዶሮ እስኪጠበስ አይጠብቅም። በ1939 በግፊት የሚሠራ ድስት አግኝቶ ጊዜውን አሳጠረው፤ በ1952 የመጀመሪያው ፈቃድ ወሳጅ ምግብ ቤት ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ተጀመረ፤ ኬኤፍሲ የሚባለው ስም ዓለምን ያዳረሰው ከዚያ ተነሥቶ ነው። በጂዳና በሪያድ ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን «ብሮስት» የሚሉት ዶሮም የዚሁ የግፊት መጥበሻ ልጅ ነው፤ ስሙ «ብሮስተር» ከተባለው የአሜሪካ መሣሪያ የመጣ ነው። ጂዳ ላይ በ1974 የተጀመረው አልባይክ ይህንኑ ጥብስ የአንድ አገር ሕዝብ ትዝታ አድርጎታል። መሣሪያው ክዳኑ ይቆለፋል። ፈጣን ነው፤ ውስጡን ግን ማንም አይሰማውም።

የደብረ ብርሃኗ እናት ልጇን ስታስተምር ክዳን አትወድም ነበር። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው። ውሃውን ሲያወጣ ይፈላል፤ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጥና ከድስቱ ጋር ቸስ ቸስ ይላል፤ ያኔ ጠብ የሚደረግለት ይደረግለታል። እናቷ ፊቷን ወደ ደጅ አዙራ ስንዴ እየለቀመች፣ «እያረረብሽ ነው» ትላት ነበር። ለልጅቷ እናቷ ጠንቋይ ትመስላት ነበር። ምስጢሩ የገባት አድጋ፣ ቀዳም ስዑር ሲመጣ ነው። የፋሲካው ዶሮ ወጥ የሚሠራው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ጾም ነው። የዓመቱ ትልቁ ወጥ ሳይቀመስ ይሠራል። ጨዉ በእጅ ልክ፣ በርበሬው በዓይን ልክ፣ ብስለቱ በሽታና በድምፅ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነው ወጡ የሚፈረደው። ትውልድ ትውልድን ተክቶ፣ ያልቀመሰውን አጣፍጦ የሚያቀርብ እጅ የኖረው እንደዚህ ነው።

ስለዚህ የዚያ ሆሳዕና እሑድ፣ «ስሚው እንጂ» ስትባል፣ ዓይኗን ከመጥበሻው አነሣች። ወደ መስኮቱ፣ ወደ ዘንባባ ቀለበቷ ዞረች። ዝናቡ ወፍራም ነበር፤ ቆየች። ቀጠነ። ካፊያ ሆነ። ገለበጠችው። አዛውንቷ ምንም አላሉም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሽቦው ላይ ስትደረድረው ቅርፊቱ ላይ ትንንሽ አረፋዎች እየፈነዱ ይንሾካሾኩ ነበር። አዛውንቷ አንዱን ታፋ ለሁለት ሲገነጥሉት ወዙ በጣታቸው መሐል ወርዶ እጅጌያቸውን አራሰው። ልጅቷ ሽሮዋን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች።

በማግስቱ ሰኞ፣ ሰሙነ ሕማማት ሲገባ፣ አዛውንቷ ጎረቤታቸው መኪና ገብተው ገበያ ሄዱ። የተመለሱት አንድ ጋሎን የለውዝ ዘይትና አንድ አዲስ የብረት መጥበሻ ይዘው ነው። አሮጌው መጥበሻ ከእናታቸው የወረሱት፣ ለአሥርት ዓመታት የአሳማ ስብ የጠጣ ነው። ልጅቷ የአሳማ ነገር እንደማትበላ ሳትናገር ገብቷቸው ኖሯል። «ይህ አሳማ አይቶ አያውቅም፤ ያንቺ ፋሲካ ሲደርስ እዚህ ላይ ጠብሰሽ ትበያለሽ» አሏት። አዲስ ብረት ይዝጋልና ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ዘይት እየቀቡ ምድጃ ውስጥ አጋሉት። ዓርብ ስቅለት ዕለት ልጅቷ ስትሰግድ ውላ ስትመለስ መጥበሻው ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሚያዝያ 22 ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ጋር በዶሮ ወጥ ጾሟን ፈታች። ከቀትር በኋላ ወደ አዛውንቷ ቤት ስትሄድ በአንድ እጇ ለእሳቸው ያወጣችውን ፈረሰኛ ከአንድ እንቁላል ጋር በሳህን፣ በሌላው የስልክ ካርድ ይዛ ነበር። ዶሮው ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ በጨው ውሃ፣ ከዚያ በአሬራው ተዘፍዝፎ ይጠብቃታል። ዘይቱን አጋለች። የመጀመሪያዎቹን ቁራጮች ጨምራ፣ የካርዱን ረጅም ቁጥር ደወለችና ደብረ ብርሃን ጎረቤት ቤት ስልክ አስጠራች። እዚያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። እናቷ እየሮጠች መጣች።

እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ተባባሉ። እናት፣ «ምንድን ነው ከኋላሽ የሚንጫጫው? ዝናብ ነው?» አለች።

«ዶሮ ነው እማዬ። እየጠበስኩ ነው።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

የስልኩ ሽቦ እንደምንም ደረሰ። ልጅቷ እጀታውን ከመጥበሻው በላይ፣ ዘይቱ ከማይደርስበት ቦታ ያዘችው። አዛውንቷ ከወንበራቸው ሆነው ይመለከታሉ። ካርዱ ደቂቃ እየቆጠረ ነበር። መልሳ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው እናቷ በአሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ዶሮ በዘይት ተዘፍቆ ሲጠበስ አንድም ቀን ሳታይ፣ «ገና ነው፤ ውሃው አላለቀም። ቆዪ፣ አትንኪው» እያለች ነበር።

ልጅቷ ቃሉን ለአዛውንቷ ልትተረጉም አፏን ስትከፍት፣ እሳቸው ቀድመው እጃቸውን አነሡና፣ «ትንሽ ይቆይ፣ ልጄ» አሏት።